ሙምቡዋ የከፈተችው የለቅሶ መልእክት

ሙምቡዋ ንዚዮኪ ድርጅቷን ስትጀምር የነበራት አንድ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተርና ባራሳ የሚባል ምላሱ የማያርፍ ሸሪክ ብቻ ነበር። ክፍሉ ናይሮቢ ንጎንግ መንገድ ላይ፣ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ከታች ብረት ሲቆረጥ ከላይ ስልክ አይሰማም። እኔ ደግሞ የተቀጠርኩት ስልክ ላነሳ ስለሆነ የዚያ ብረት ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሥራችን የሳይበር ደኅንነት ነው ስንል መጀመሪያ ላይ የሚሰማን አልነበረም። አንዱማ "ጥበቃ ናችሁ ማለት ነው? ዱላ አላችሁ?" ብሎኛል። ሙምቡዋ ግን በእንዲህ ያለ ነገር እጅ የምትሰጥ አይደለችም። ኮምፒውተሯን በቦርሳ አንግታ፣ በሚኒባስ እየተጋፋች፣ ከአንዱ የቁጠባ ማኅበር ወደ ሌላው ስትዞር ከረመች። በመጨረሻ የማቻኮስ መምህራን የቁጠባ ማኅበር ተቀበላት። እሷም የማቻኮስ ልጅ ናት፤ ያስተማሯት ሰዎች ገንዘብ ጠባቂ በመሆኗ የዚያን ቀን ኩራቷ ሌላ ነበር። ከዚያ ወዲያ ነገር ተቃና። መምህራኑ አመኗቸው የተባለውን የሰማ ሁሉ ይመጣ ጀመር። ከብረቱ ጩኸት ወጥተን ሰፊ ቢሮ ገባን፣ ሙቲንዳ የሚባል የበር ጠባቂ ሳይቀር ቀጠርን።

የሥራችን ግማሹ ሰው መፈተን ነበር። ለደንበኞቻችን ሠራተኞች "ሽልማት ደርሶዎታል"፣ "ደመወዝዎ ተስተካክሏል" የሚል የውሸት መልእክት እንልካለን። ዘሎ የከፈተውን ጠርተን እናስተምራለን። አንድ ቀን ባራሳ እጁን እያፋተገ መጣ።

"ማዳም፣ ማንም የማያመልጠው አንድ አግኝቻለሁ። የለቅሶ መዋጮ!"

"አይሆንም" አለች ሙምቡዋ።

"ኧረ ሰው ሁሉ ነው የሚከፍተው!"

"ለዚያ ነዋ የማይሆነው። በሰው ሞት አይቀለድም። አንተ እናት የለህም?"

"አለችኝ። እሷም ብትሆን ትከፍተዋለች።"

ሳቅንና ነገሩ በዚያው ቀረ። እውነቴን ነው፣ እኔም ደግ አደረገች ብያለሁ። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ሬሳው ሳይቀዘቅዝ የስልክ ግሩፕ ይከፈታል፣ ኮሚቴ ይመረጣል፣ ያዋጣ ሰው ስም በየሰዓቱ ይለጠፋል። ስምህ ከዘገየ ሰው ልብ ይልብሃል። ሐዘንተኛ ዘንድ ደውለህ "እውነት እናትህ ሞተዋል?" ማለት ግን የማይታሰብ ነው። አንዴ ብትለው ልጆችህ ሲዳሩ እንኳ ይነሳብሃል።

እንግዲህ የኢንተርኔት ሌቦች ያንን በር አገኙት። አንድ ጠዋት "የሙቲንዳ እናት አረፉ" የሚል መልእክት ሁላችንም ዘንድ ደረሰ። የቀብሩን ፕሮግራም ለማየት በሥራ ኢሜይልዎ ይግቡ ይላል። ሙምቡዋ ለለቅሶ ማንም እንዲቀድማት አትፈልግም፤ ሻይዋን እንኳ ሳትጨርስ የይለፍ ቃሏን ጽፋ ገባች። እኛም ልንከተላት ስንሰናዳ በሩ ተከፈተና ሙቲንዳ በላስቲክ ማንዳዚ የሚባለውን የተጠበሰ ሊጥ ይዞ ገባ። ዘለን አቀፍነው።

"ምነው? ሎተሪ ወጣልኝ እንዴ?" አለ።

"አይዞህ ወንድሜ" አለው ባራሳ፣ ትከሻውን እየደባበሰ። "እናትህ ጥሩ ሴት ነበሩ።"

"ነበሩ? ምን ማለትህ ነው? አሁን ከኪቱይ ደውላ ስኳር ላክ እያለች ስትጨቀጭቀኝ ነው የመጣሁት!"

ሁላችንም ዞረን ሙምቡዋን አየናት። ፊቷ አመድ መስሏል።

የምንዘጋውን ሁሉ ዘጋን፤ ግን ዘግይተን ነበር። በእሷ የይለፍ ቃል አልፈው የመምህራኑን መዝገብ ወስደዋል፤ ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ ይባስ ብሎ ወራሽ አድርገው ያስመዘገቡትን ዘመድ ስም ጭምር። ሳምንት ሳይሞላ ለመምህራኑ የገዛ ወንድማቸውና የገዛ አክስታቸው የሞትና የመዋጮ መልእክት ይላክላቸው ጀመር። ማንም ደፍሮ አልጠየቀም። እያለቀሱ ገንዘብ ላኩ።

የማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ሲደርስ ሙምቡዋ ቀርባ እንድታስረዳ ተጠራች። ባራሳ መኪናውን እየነዳ መንገዱን ሙሉ ለመናት።

"ከውጭ አገር የመጡ ረቂቅ ጠላፊዎች ናቸው በይ። ማን ይመረምረናል?"

"እኔ ነኝ የከፈትኩት።"

"ማዳም፣ መምህራኑ ከሄዱ ሌላውም ተከትሏቸው ይሄዳል። ድርጅቱ አለቀለት ማለት ነው! የእነዚህ ሁሉ ሰዎች እንጀራስ?"

"አውቃለሁ ባራሳ። መንገዱን እያየህ ንዳ።"

እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። እንጀራ ሲል እኔንም ማለቱ ነበር። ዋሽታ ብታተርፈንስ የሚል ሐሳብም ሽው ብሎብኛል፣ አልደብቅም።

ስብሰባው ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ፣ ድንኳን ስር ነው። አባላቱ የድርሻቸውን ዳቦና ለስላሳ ይዘው ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ መምህር ንዳምቡኪ፣ ክፍል ዝም ማሰኘት የለመዱ ሰው፣ ጠረጴዛውን በጣታቸው መቱና "በይ ተናገሪ" አሏት።

"የለቅሶ መልእክት መጣልኝ" አለች ሙምቡዋ። "ሳላጣራ ከፈትኩት። በእኔ በኩል አልፈው ነው እናንተ ዘንድ የገቡት። ሌላ ማንም ጥፋት የለበትም።"

ድንኳኑ ተናወጠ። "የገንዘባችሁ ቁልፍ ነኝ ብለሽ አልነበረም እንዴ!" አለ አንዱ። "የአክስቴን ቀብር ከፈልኩ፣ አክስቴ ገበያ ላይ አገኘችኝ!" አለ ሌላው፤ ሳቅና ቁጣ ተደባለቀ። መምህር ንዳምቡኪ ዝም አሰኝተው "ደውለሽ መጠየቅ አቅቶሽ ነው?" አሏት።

"መምህር፣ እርስዎ ደውለው ይጠይቃሉ? እናትህ ሞተዋል ወይ ብለው?"

ንዳምቡኪ ወደ አባላቱ ዞሩ። እጅ ይነሳ አሉ። ውሉ እንዲቋረጥ የእጅ ደን በቀለ። የተቃወመ አንድም ሰው አላየሁም።

ወደ መኪናው ስንሄድ ባራሳ ሞተሩን አስነስቶ ነበር። አንድ ሰውዬ ተከትሎን መጣና፣ አሁን እጁን ሲያነሳ በዓይኔ ያየሁት ሰውዬ፣ ስልኩን አወጣ። "እስቲ ይቺን እዪልኝ" አላት በሹክሹክታ። "የወንድሜ ልጅ ይላል። መጠየቅ አፍሬ ነው።" ሙምቡዋ አንብባ፣ ደውላ አጣርታ፣ "ልጁ ደህና ነው" አለችው። ከኋላው ሌላ ሰው ቆሟል፤ ከሱ ኋላ ሌላ። ወንበር አመጡላትና ዛፍ ስር ተቀመጠች። ዛሬ ድርጅታችን የሚታወቅበት የስልክ መስመር፣ ሰው ያፈረውን እኛ ደውለን የምንጠይቅበት፣ የተጀመረው እዚያ ወንበር ላይ ነው። የዚያን ቀን ግን ይህን ያሰበ አልነበረም። ባራሳ እያጉረመረመ ሞተሩን አጠፋ።

ካቱንጌ የሚባሉ ጡረተኛ መምህርት ተራቸው ሲደርስ ፈገግ ብለው ነበር የቀረቡት።

"ልጄ፣ ይሄም የነዚያው ሌቦች ነው፣ አይደል? እህቴ ካቫታ ሞምባሳ ላይ አረፈች ይላል። ሰሞኑን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር ነው የሰነበትኩት። ስልኳ ዝግ ነው። ልጇንስ ምን ብዬ ልጠይቃት?"

"የልጅቷን ቁጥር ይስጡኝ፣ እኔ እጠይቃለሁ።"

ደወለች። "ይቅርታ አድርጊልኝ እህቴ፣ አታውቂኝም..." ብላ ጀመረች። ለረጅም ጊዜ አዳመጠች። ስልኩን ስትዘጋ ከወንበሯ ተነስታ የካቱንጌን ሁለት እጆች ያዘች።

"እማማ" አለች። "ይሄኛው የሌባ አይደለም።"

ካቱንጌ አልጮሁም። ሙምቡዋ ወንበሩ ላይ ስታስቀምጣቸው እጇን አልለቀቁም።

"ቅድም ስትናገሪ" አሉ፣ "ሁሉም ሲጮኽብሽ፣ እኔ ብቻዬን ደስ ብሎኝ ነበር፣ እህቴ አልሞተችም ማለት ነው ብዬ። በልቤ ስመርቅሽ ነበር፣ ልጄ።"