የአስተማሪዋ ቃሬዛ

ግራ እግሬ ከጉልበት በታች ተሰብሮ ወጌሻ ጥብቅ አድርጎ ካሰረው ወዲህ ቀና ማለት ትቷል። አጥንቱስ ገጥሟል፤ ነርቩ ግን ተጎድቶ እግሬ ከቁርጭምጭሚቱ ተንጠልጥሎ ቀረ። ጉልበቴን ከፍ አድርጌ ካላነሣሁ የጫማዬ ጫፍ ድንጋይ ይመታል፤ ሳወርደው ደግሞ ጧ ይላል። አውራ ጣቴ አፍጥጬ ካየሁት ትንሽ ይነቃነቃል፤ ሌሎቹ አይሰሙኝም። ይህን አንድ ጊዜ ብናገር የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። አይበቃም። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ገና ሳይቀመጥ፣ “እስቲ አንቀሳቅሺው” ይላል። አንቀሳቅሳለሁ። “ትንሽ ጨምሪ እንጂ!” ይላል፣ ሰስቼ የያዝኩበት ይመስል።

በደርግ ጊዜ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኮሶዬ የሄድኩትም በስንት ክርክር ነው። ትምህርት የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ ስለሆነ ከልጆች ጋር ተጋፍቼ ነው ስምንተኛን የጨረስኩት፤ ከምንም በላይ የምፈልገው ደግሞ ማስተማር ነበር። የቀበሌው ሰዎች “እዚሁ ከተማ አራዳ ቁጭ ብለሽ መዝገብ ጻፊ” ሲሉኝ እምቢ አልኩ። የዘመቻው አስተባባሪ፣ በዕድሜ የምበልጠው ጓድ፣ እያቅማማ ፈቀደ፤ ግን ራሱ መጥቶ ያያል፣ በእግሬ ክፍል መድረስ ካቃተኝ ወደ ከተማ ይመልሰኛል።

ጊዜው ክረምት ነው። የኮሶዬ ጭቃ ለጤነኛ እግርም አያዝንም። እኔ እሄዳለሁ፣ ጫማዬ ይቀራል። በመጨረሻ ከጫማው ጫፍ እስከ ጉልበቴ ሥር በጠፍር አስሬ፣ ጣቶቼን ወደ ላይ ስቤ መሄድ ለመድኩ። ቀስ ይላል እንጂ ያደርሳል።

አስተባባሪው በሚመጣበት ዕለት ጠዋት በሬን ስከፍት አራት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው ቆመዋል። በሽተኛ ወደ መኪና መንገድ የሚያወርዱበት ቃሬዛ ነው፤ የታጠበ ጋቢ ተነጥፎበታል። አራቱም ተማሪዎቼ ናቸው።

“ምነው፣ ማን ታመመ?” አልኩ።

“አንቺ ነሻ” አሉ በዕድሜ ትልቁ። “ጓዱ ዛሬ ይመጣል አላልሽም? እንዳታረፍጂ ብለን ነው።”

“አያ፣ እኔ አልታመምኩም። እግሬ ነው።”

“እና እግርሽ የማን ነው?”

ሌሎቹ ሳቁ።

“በቃሬዛ ካየኝ እኮ ይመልሰኛል!”

“ኧረ ሸጋ አርገን ነው የምንይዝሽ፤ አትወድቂም።”

ደግነት ይዞ ደጅሽ የቆመን ሰው ምን ትይዋለሽ? ትቻቸው ወጣሁ። ጉልበት ከፍ፣ ጧ። ጉልበት ከፍ፣ ጧ። እነሱም ባዶውን ቃሬዛ ተሸክመው ከኋላዬ። መንገድ ላይ ያገኘችን ሴት እንስራዋን አውርዳ ደረቷን መታች።

“ማንን ልታመጡ ነው?”

“አስተማሪዋን።”

“እኔን! እግዚአብሔር ይማራት” አለች። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜያለሁ።

ወደማስተምርበት የገበሬ ማኅበር አዳራሽ የሚወስደው ዳገት ላይ ጠፍሩ ተበጠሰ። ጣቶቼ ወደ ታች ተደፉ፤ ጫማዬ ጭቃው ውስጥ ቀረ። ቃሬዛው ወዲያው መሬት ወረደ። ተሸካሚዎቹ ጋቢውን አስተካከሉ። ከንዴት ብዛት እንባዬ መጣ። ጫማዬን መንጭቄ አወጣሁና መቀነቴን ፈትቼ እግሬን በሱ አሰርኩ፤ ቀሚሴን በአንድ እጄ ይዤ ዳገቱን ወጣሁ።

አስተባባሪው በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ቃሬዛውን አየ።

“የታመመ ሰው አለ?”

በዕድሜ ትልቁ ተማሪዬ እግራቸውን ደፉ ላይ እየጠረጉ፣ “እስካሁን የለም” አሉ።

“በእግርሽ ነው የመጣሽው?” አለኝ አስተባባሪው።

“ጭቃውን አያዩትም?”

ቀሚሴንም መቀነቴንም አየ። አውራ ጣትሽን አንቀሳቅሺ ሊለኝ ነው ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አላለም። “እንግዲያው እስከ ዘመቻው መጨረሻ ቆዪ” ብሎ ገባና ከኋላ ተቀመጠ።

ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ ግን ዳገቱ አድክሞኝ ስለነበር ግድግዳ ይዤ ሰሌዳው ጋ ደረስኩ። ጠመኔውን እንዳነሣሁ ከጀርባዬ ሹክሹክታ ሰማሁ።

“ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነው። ቃሬዛውን ወደ በሩ አስጠጉት።”

“አያ፣” አልኩ ሳልዞር፣ “ክፍል ውስጥ አይወራም።”