ኬንዳሪየስ «ተቀመጥ» ያለ ዕለት

በየዓመቱ መጋቢት ሲደርስ የፋብሪካችን ምሳ ክፍል ቴሌቪዥን ያንኑ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ክለቦቹ ሚያዝያ ላይ አዲስ ተጫዋች ከመምረጣቸው በፊት ስመ ጥሮቹ ልጆች መልማዮች ፊት ወጥተው ይሩጡ፣ ይወርውሩ ወይስ አርፈው ይቀመጡ? ክራባት ያሰሩ ሰዎች ይጨቃጨቃሉ። አንዱ «ቢጎዳስ?» ይላል። ሌላው «ፈሪ ይባላል» ይላል። ሜዳው ላይ ያ ስመ ጥር ልጅ ብቻውን የቆመ ይመስላቸዋል። እኔ ግን አጠገቡ የቆመውን አውቀዋለሁ። የእህቴ ልጅ ነው፤ ኬንዳሪየስ ይባላል። አሁን ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ የአምባዛ ጭንቅላት ይቆርጣል።

እኛ ሚሲሲፒ ቆላ ላይ ሥራ ማለት ወይ ዓሣ ፋብሪካው ነው ወይ እስር ቤት መጠበቅ ነው። ሦስተኛው በር ኳስ ነው፤ በእግር የሚለጋው ሳይሆን በእጅ የሚወረወረው ሞላላው። ኬንዳሪየስና የጎረቤታችን ልጅ ማርኬል ከስምንት ዓመታቸው ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ጠጠር ላይ አብረው አደጉ። ማርኬል ይወረውራል፣ ኬንዳሪየስ ሮጦ ይይዛል። ሲወድቅ ክርኑ ይላጣል፤ ኳሷን ግን አይለቅም። ትንሿ ኮሌጃችንም አብረው ገቡ።

በመጨረሻው ዓመት ማርኬል አገር ምድሩ የሚያወራለት ወርዋሪ ሆነ። ኬንዳሪየስ ደግሞ በሦስተኛው ጨዋታ ትከሻው ተሰበረ። ሲድን ውድድሩ አልቋል። ለክለቦች የሚያሳየው ቪዲዮ የለውም። የቀረችው አንዲት ቀን ነበረች፦ መልማዮቹ ኮሌጁ ድረስ መጥተው ልጆቹን የሚፈትኑባት የሙከራ ቀን። እነሱም የሚመጡት ለማርኬል ነው። ለእኛ ኮሌጅ ብሎ ከአየር ማረፊያ ሁለት ሰዓት መኪና የሚነዳ ማን አለ?

የማርኬል ወኪል፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ የሚገባ ሰውዬ፣ «አትወርውር» አለው።

ከሙከራው በፊት በነበረው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እህቴ ኤርነስቲን ቤት ማዕድ ተቀምጠናል። ማርኬልም እንደ ልማዱ መጣ።

«ሚስ ኤርነስቲን፣ እኔ እኮ ቤተ ክርስቲያን የምሄደው ይቺን የእርስዎን ማካሮኒ ብዬ ነው።»

«ስብከቱ ላይ ስታንኮራፋ አይቼሃለሁ» አለችው። «ምግብ ሲባል ግን አንደኛ ነህ። ብላ!»

«ተይው እማ፣ ማንኮራፋቱ ከመዘምራኑ ይሻላል» አለ ኬንዳሪየስ።

ተሳሳቅን። ከዚያ ማርኬል ሹካውን አስቀመጠ።

«ስማ ኬን፣ ሰውዬው አትወርውር እያለኝ ነው። እላይ ወጥተሃል፣ ከዚህ በኋላ ያለው መውረድ ብቻ ነው ይላል። አንተ ምን ትላለህ? ወርውር ካልከኝ፣ እናቴ ትሙት፣ እወረውራለሁ።»

እህቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ማርኬል ካልወረወረ መልማዮቹ እንደማይቆዩ፣ ኬንዳሪየስንም የሚያየው እንደማይኖር በዚያ ማዕድ ዙሪያ የማያውቅ አልነበረም።

ኬንዳሪየስ ሳቀ። «አብደሃል እንዴ? ምን ቆርጦህ ትወረውራለህ? ተቀመጥ! እኔ እንደሆነ ሽማግሌ ቢወረውርልኝም እይዛለሁ።»

«የምርህን ነው?»

«ዶሮውን ወዲህ በል ባክህ፣ ቀዘቀዘ።»

ማርኬል በረጅሙ ተነፈሰ። አየሁት፤ ሸክሙ እንደወረደለት ሰው ነው የተነፈሰው። እኔስ? ሰባኪውን ሳይቀር አቋርጬ የምናገር ሰውዬ፣ ያን ዕለት አፌን በዶሮ ሞልቼ ዝም አልኩ።

እስቲ ንገሩኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት ይጠየቃል? እኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ከጓደኛው ላይ ዕድሉን አይለምንም። ማርኬል ይህን ያውቃል፤ አብሮ አድጎበታል። «ተቀመጥ» ከማለት ሌላ መልስ የሌለውን ሰው መጠየቅ ጥያቄ አይባልም። ኃላፊነትን አውልቆ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ መጣል ነው፤ ያውም በተሰበረ ትከሻ።

ማርኬል ሲሄድ እህቴ ሳህን እያጠበች ጮኸችበት።

«ምን ነካህ አንተ ልጅ? ለምን አልነገርከውም?»

«ነግሬው ክንዱ ቢጎዳስ እማ? በዚህ መንገድ ላይ ምን ተብዬ ልሂድ? የማርኬልን ክንድ የሰበረው ልባል?»

«ያንተ ዕድልስ?»

«ያወቀ መስሎኝ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «ሳልነግረው።»

የሙከራው ቀን ጠዋት ሠላሳ አንድ መልማይ መጣ። እኔ ቆጥሬያለሁ። ልጆቹን መዘኑ፣ ቁመታቸውን ለኩ፣ የእጃቸውን መዳፍ ሳይቀር ለኩ። ከዚያ ማርኬል በአዲስ ሱፍ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ እጁን አውለበለበ። እንደማይወረውር ተነገረ። አንዳንዶቹ ተሳደቡ፤ የበዙት ሰዓታቸውን አዩ። መጀመሪያ አንድ መኪና ወጣ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ተከታትለው አቧራውን አስነሡት። ኬንዳሪየስ ሰውነቱን እያፍታታ ሁሉንም አየ። ጫማውን ፈትቶ መልሶ አሰረ።

ተራው ሲደርስ የቀሩት ሦስት ናቸው። አንዱ ስልክ ያወራል።

ፍጥነት የሚለካባትን አርባ ያርድ ሮጠ። የእኛ አሠልጣኝ ሰዓት አራት ነጥብ ሦስት ዘጠኝ ሰከንድ አለ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በዚያ ሜዳ ታይቶ አያውቅም። ግን መልማይ የሚያምነው የራሱን ሰዓት ነው፤ ከሦስቱ ሰዓቱን የጫነው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር።

ከዚያ ኳስ መያዝ መጣ። የወረወረለት ጉልበቱን የሚያመው የሃምሳ ስድስት ዓመቱ ረዳት አሠልጣኝ ነው። እግዚአብሔር ያክብረው፣ የቻለውን ሁሉ አደረገ። ኳሷ ግን እየተንገዳገደች አንዴ ከኋላው፣ አንዴ ከፊቱ አሥር እርምጃ ቀድማ ትወድቃለች። ኬንዳሪየስ ተወርውሮ የያዛት አለ፤ ያልደረሰባትም አለ። ማዕድ ላይ የቀለደው ቀልድ ዓይኑ እያየ መጣበት።

ሽማግሌው መልማይ ጠጋ አለው። «ልጄ፣ እግርህ ጥሩ ነው። ደህና ወርዋሪ ሲወረውርልህ ባይህ ደስ ይለኝ ነበር።»

ማርኬል ከአጥሩ ማዶ ሰማ። ኮቱን አወለቀ።

«ኬን! ልምጣ?» አለ ጮክ ብሎ።

በዚህኛው ጊዜ ኬንዳሪየስ አልሳቀም፤ «ተቀመጥ» አላለም። ዓይኑን ማርኬል ላይ ተክሎ ቆመ። እኔና እህቴ እጅ ለእጅ ተያያዝን። ወኪሉ ማርኬልን ክርኑ ላይ ነካው። ልብ በሉ፣ አልጎተተውም፤ ነካው ብቻ። ማርኬል ጥቂት ቆመና ኮቱን መልሶ ለበሰ። ሽማግሌውም ኮፍያውን አስተካክሎ ወደ መኪናው ሄደ።

ሚያዝያ ላይ ማርኬል ከአገሩ ልጆች ሁሉ በአራተኛነት ተመረጠ። ጎዳናው ሁሉ ጥሩምባ ነፋ፤ ኬንዳሪየስም ነፋ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክለብ ይደውልልኛል ብሎ ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይዞ ሁለት ወር ጠበቀ። ሰኔ ላይ እኔ ራሴ እጁን ይዤ ፋብሪካው አስገባሁት። የገዛ እጄ ነው ያስገባው።

ይህ ከሆነ አምስት ዓመቱ ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ክራባታሞቹ ማርኬልን ራሱን አቅርበው ጠየቁት። ስመ ጥር ልጆች ሙከራ ላይ ይውጡ ወይስ ይቅሩ?

«እኔ የልጅነት ጓደኛዬን ጠየቅሁት» አለ ማርኬል። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ተቀመጥ አለኝ። ስለ ራሱ አላሰበም። ወንድም ማለት እንዲህ ነው።»

ክራባታሞቹ አጨበጨቡ።

«ኧረ ኬን፣ አንተን እኮ ነው!» አለ ሎኒ የሚባለው ወፍራሙ ባልደረባችን። «ቲቪ ወጣህ! ነገ ደግሞ ፊርማህን ዓሣው ላይ አድርግልን!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔ ብድግ አልኩ፤ ወንበሩን ቴሌቪዥኑ ላይ ልወረውር ነበር። ኬንዳሪየስ እጅጌዬን ያዘ።

«አጎቴ፣ ቁጭ በል። እውነቱን ነው። ብያለሁ።»

«ዓይንህ ያለውስ? አጥሩ ጋ?»

ዳቦውን አኘከ። «ይወርውሩ አይወርውሩ፣ የራሳቸው ጉዳይ ነው» አለ። «ብቻ ጓደኛቸውን አይጠይቁ።»

ደወሉ ተደወለ፤ ጓንታችንን አጥልቀን ተመለስን። አምባዛው ከመውረጃው እየተንሸራተተ ይመጣል፣ ሙልጭልጭ ነው፣ አዲስ ሰው ከሦስቱ ሁለቱን ይጥላል። ኬንዳሪየስ አንድም አይጥልም። ሳያይ ይይዛል። ከኋላው ተቆጣጣሪው ሰዓቱን ይዞ ቆሟል።