ዓመት ለመዝለል የተፈተንኩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ወረታ ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ የባልደረባዬ ልጅ ሰላም ከኋላዬ መጥታ ሰላም አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ መግቢያዋ ስለደረሰ ብርድ ልብስ ልትገዛ ነው የወጣችው። መስከረም ሊያልቅ ቢሆንም ዝናቡ ገና አልለቀቀንም። ባጃጆቹ ጭቃውን እየረጩ ያልፋሉ፤ ወደ ደብረ ታቦር የሚታጠፉት የጭነት መኪኖች ጥሩምባ ጆሮ ያደነቁራል።

«እትዬ ትርንጎ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት» አለችኝ። «ገና እንደገባን የእንግሊዝኛና የሒሳብ ፈተና አለ አሉ። ያለፈ ሰው ኮርሱን ሳይማር ክሬዲቱ ይያዝለታል። ልፈተን ወይስ ከሁሉም ጋር ልማረው?»

«ነገ ቢሮ ብቅ በይና እናወራለን» ብዬ ሸኘኋት። ሽንኩርቱን ይዤ ወደ ቤት ስሄድ ግን ልቤ ከእኔ ጋር አልነበረም። ሃያዎቹን ወደ ጀመርኩበት ዘመን ተመልሶ ነበር።

ያን ጊዜ በግብርና ዲፕሎማ ይዤ አንበሳሜ አካባቢ የልማት ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያው ታሪክ የሚያስተምር ሞላ የሚባል ጎጃሜ አገባሁና ሕይወትን ወለድን። ልጄ ዳዴ ማለት ትታ በእግሯ መሮጥ ስትጀምር ለዲግሪ ትምህርት ያመለከትኩበት ዩኒቨርሲቲ ተቀበለኝ። ደስታዬ ግን ገና ሳይጠና ተበረዘ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው፤ ከተማውም ከወረታ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ልጅ ይዞ የተማሪ ማደሪያ አይገባም፤ ሞላም ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ሕይወት ወረታ አጠገብ ቁሐር ሚካኤል እናቴ ዘንድ እንድትቀመጥ ተስማማን።

ተስማማን አልኩ እንጂ እኔ አንድ ቀን እንኳ ከልቤ አልተስማማሁም።

ከዚያ አንድ ወሬ ደረሰኝ። ዲፕሎማ ይዘው የሚገቡ ተማሪዎች ክፍል ከመጀመሩ በፊት ይፈተናሉ፤ ሁሉንም ያለፉት የአንደኛ ዓመቱ ኮርስ ተይዞላቸው በቀጥታ ሁለተኛ ዓመት ይገባሉ። አንድ ዓመት! ሌላው ሰው የሚያየው አንድ ዓመት ትምህርት ነው። እኔ ግን የማየው ልጄ ያለ እኔ የማታድግበትን አንድ ዓመት ነበር።

ክረምቱን እናቴ ቤት ሆኜ አጠናሁ። የፎገራን ሜዳ በነሐሴ ያላየ ሰው ምን ብዬ እነግረዋለሁ? የጉማራ ወንዝ ሞልቶ ሲወጣ መንገዱና ማሳው አይለይም፤ ከብቶቹ በውሃ መሃል እንደ ደሴት ይቆማሉ። ከእናቴ ጋር ጉልበታችን ድረስ ገብተን ሩዝ እናርማለን። መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልዬ ቀበቶዬ ላይ አስረዋለሁ፤ ቀና ባልኩ ቁጥር አንድ ገጽ አያለሁ። ባዮሎጂውና ኬሚስትሪው ከዲፕሎማ ጊዜዬ የቀረ ነበር፤ እንግሊዝኛውም አያስፈራኝም። ያስጨነቀኝ ካልኩለስ የሚሉት ሒሳብ ነው። በዲፕሎማ አልነካነውም። ሞላን ብለምነው፣ «ስለ ዘመነ መሳፍንት ጠይቂኝ እንጂ እዚህ ላይስ እኔም ካንቺ እኩል ነኝ» ብሎ ሳቀብኝ። አንድ የሒሳብ መምህር ለትዳር ጠይቆኝ እምቢ ያልኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ።

እናቴ ማታ ማታ ስታየኝ ትገረማለች።

«ዓመት ይዘለላል እንዴ?»

«ፈተናውን ያለፈ ይዘላል፣ እማ።»

«እንግዲያ ዝለይው። ብቻ ስታርፊ ጭቃው ላይ እንዳይሆን።»

መሄጃዬ ሲቃረብ፣ «እሬት ተቀቢና ጡቱን አስጥያት፤ ኋላ ሁለታችሁም ትቸገራላችሁ» ብላ መከረችኝ። እሬቱንም ቆርጣ አመጣችልኝ። ሕይወት ደረቴ ላይ ተለጥፋ በአንድ ዓይኗ ሽቅብ ስታየኝ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ሳላስጥላት ሄድኩ። የሄድኩበት ጠዋት እናቴ ጓዜን በራሷ ተሸክማ፣ እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ውሃውን እያቋረጥን አስፋልቱ ድረስ ወጣን። ልጄ ተኝታ ነበር። ባትተኛ ኖሮ መሄዴን እንጃ።

የፈተናው ቀን ጠዋት ሦስቱን ትምህርቶች ደህና አድርጌ ሠራሁ። ከምሳ በኋላ ሒሳብ ተሰጠን። ወረቀቱን ገልብጬ የመጀመሪያውን ጥያቄ እያነበብኩ ሳለ ከውጭ፣ ከተማሪዎች ምግብ ቤት በኩል መሰለኝ፣ አንድ ሕፃን አለቀሰ። የማን ልጅ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጡቴ ግን የእኔ ልጅ መስሎት ወዲያው አጋተ። ሸሚዜ ከፊት ለፊት ሲርስ ይታወቀኛል። ክንዴን አጣምሬ ጎንበስ አልኩ፤ በዚያ ሁኔታ ደግሞ መጻፍ አይቻልም። ከጎኔ የተቀመጠው ወንድ ልጅ እንዳያየኝ ተሳቀቅሁ። ፈታኟ ሴት በመደዳው መካከል ስታልፍ አየችኝና ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ደርባልኝ ሄደች። ከነጠላው ሥር ሆኜ የምችለውን ጻፍኩ።

ወተቱን ሰበብ አላደርገውም። ካልኩለሱን አላውቀውም ነበር።

ውጤቱ እስኪለጠፍ ድረስ መጠበቁን አልወድም፣ ማስታወሱንም ቢሆን። ተቀምጬ መነሳት፣ ተነስቼ መቀመጥ። ምግብ ይቀርባል፣ አልበላም። የማደሪያ ጓደኛዬ ባዩሽ፣ የደብረ ታቦር ልጅ ናት፣ እንደኔው ተፈትና ትጠብቃለች። እሷ ግን ቆሎዋን እየቆረጠመች፣ «ወይ አልፈናል ወይ ወድቀናል፤ አሁን የምትመላለሺው ወለሉን ልትጨርሺው ነው?» ትለኛለች።

ሦስቱን አለፍን፤ ሒሳቡን ሁለታችንም ወደቅን። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሽማግሌ መምህር ነበሩ። ከባዩሽ ጋር ገብቼ ለመንኳቸው። «መምህር፣ እባክዎ፤ አንዷን ብላችሁ ዓመቱን አትከልክሉኝ። ጡት ያልጣለች ልጅ ትቼ ነው የመጣሁት።»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። «ልጄ፣ ዓመት የምንሰጥ መሰለሽ? እኛ የምንይዝልሽ ኮርስ ነው። ሦስቱን አልፈሻል፣ ክሬዲቱ ተይዞልሻል። ሒሳቡ ግን ዓመቱን ሙሉ የሚሰጥ ነው፤ ሳትማሪው ወደ ላይ አትወጪም።» ፊቴን አይተው ድምፃቸውን አለዘቡ። «ሆኖም ባዶ ሰዓት ይኖርሻል። ከሁለተኛ ዓመቱ ኮርስ እየወሰድሽ ሙይው። እንደዚያ ካደረግሽ ከክፍልሽ ግማሽ ዓመት ቀድመሽ ትጨርሻለሽ። እስከ ሰኞ ወስነሽ ንገሪኝ።»

ባዩሽ እዚያው ቆማ ለሁለተኛ ዓመቱ ኮርስ ተመዘገበች። እኔ አውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ቁሐር ሚካኤል መጣሁ።

ውሃው ሸሽቶ መንገዱ መድረቅ ጀምሮ ነበር። ሕይወት ደጅ ላይ ከጥጆቹ ጋር ስትጫወት አገኘኋት። እጄን ዘርግቼ ስጠራት ሮጣ እናቴ ቀሚስ ውስጥ ገባች። እናቴን «እማ» አለቻት። እኔን ከቀሚሱ እጥፋት ውስጥ ሆና አየችኝና፣ «እንግዳ» አለች። ቁጭ ብዬ ጡቴን አሳየኋት፤ ፊቷን አዞረች። የሄድኩት እኮ ሳምንታት ብቻ ነው! በዚህ ያህል ጊዜ ሰው ይረሳል? ሕፃን ይረሳል ለካ።

ሞላም ከአንበሳሜ መጥቶ ነበርና እርጎ በሩዝ እንጀራ እየበላን ነገሩን አነሳሁት። ሁለቱም በአንድ ወገን ቆሙ።

«ቶሎ ጨርሰሽ መምጣት ነው እንጂ ምን ያወላውልሻል?» አለች እናቴ። «ልጅቱ እኔ ዘንድ ምን ጎደለባት?»

«ግማሽ ዓመት ቀላል አይደለም፣ ትርንጎ» አለ ሞላ። «ሰዓቱን ባዶ ብትተዪው ምን ታተርፊያለሽ?»

እውነታቸውን ነው። ተነስቼ በሩዙ ማሳ ድንበር ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ሩዙ ዘለላውን ጥሎ ማጎንበስ ጀምሯል። ኋላ ላይ የሚመጣው ግማሽ ዓመት ለሁላችንም ይጠቅማል። ግን ያኔ ሕይወት ትልቅ ልጅ ትሆናለች። እኔን ያላወቀችኝ አሁን ነው።

ሰኞ ለመምህሩ፣ «ባዶውን ሰዓት ባዶ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«ይህን ዕድል ብዙ ሰው አያገኘውም።»

«አውቃለሁ፣ መምህር።»

ያለፍኳቸውን ሦስት ኮርሶች ስለማልማር የእኔ ትምህርት እሮብ ላይ ያበቃል። ሐሙስ በጠዋት መናኸሪያ እገኛለሁ፤ ከሰዓት ቁሐር ሚካኤል እደርሳለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። የመጀመሪያዎቹ ሐሙሶች መራራ ነበሩ። ልጄ ከሩቅ ታየኛለች፣ አትቀርበኝም። አውቶቡስ ውስጥ ካልኩለስ እየገለጥኩ ስለ እሷ አስባለሁ፤ ከእሷ ጋር ስሆን ደግሞ ያልሠራሁት ጥያቄ ይቆጠቁጠኛል። የትም ሆኜ ሙሉ አልነበርኩም። በኅዳር ሩዙ ታጭዶ ሜዳው ሁሉ ገለባ ገለባ ሲሸት አጠገቤ መቀመጥ ጀመረች። በጥር አንድ ቀን ከሽምብራው ማሳ እሸት ነቅዬ እየፈለፈልኩ ሳበላት አንዷን ፍሬ ከአፏ አውጥታ በእኔ አፍ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ምንም እንዳልሠራ ሰው ሌላ እሸት ለማንሳት ዞረች። እኔ ፍሬዋን ሳልውጣት ብዙ ቆየሁ።

ሒሳቡን በባዩሽ አስጠኚነት፣ በጭንቅ፣ አለፍኩ። ባዩሽ ያንን ሁሉ ኮርስ ተሸክማ እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ቀድማን ጨረሰች። እኔ በልቤ የተመኘሁትን ሥራ ደብረ ታቦር ያዘች። ልዋሽ አልችልም፣ ቀናሁባት። አንዳንድ ጊዜ አሁንም እቀናለሁ። የወሰንኩት ትክክል ይሁን አይሁን የነገረኝ ሰው የለም፤ ግማሽ ዓመት ሰጥቼ ሐሙሶችን ገዛሁ፣ ይኸው ነው።

ሰላም በማግስቱ ቢሮ መጣች። «ተፈተኚ» አልኳት። «ብትወድቂ ትማሪዋለሽ። ብታልፊ ግን ባዶ ሰዓት ይተርፍሻል። ይህን ሙይበት፣ ያን ሙይበት የሚልሽ ሞልቷል። ምክሩም ክፉ አይደለም። ብቻ አንቺ ራስሽ ሳታስቢበት አትሙይው።» የጠበቀችው መልስ ይህ ስላልነበረ ትንሽ ግራ ተጋብታ አመስግናኝ ሄደች።

የዚያኑ ዕለት ማምሻውን አዲስ አበባ በነርስነት የምትሠራው ሕይወት ደወለችልኝ። ስለ ሥራዋ አውርታ ስትጨርስ እንደ ዋዛ፣ «እኔ ዩኒቨርሲቲ እያለሁ የነበረውን ታስታውሻለሽ?» አልኳት።

«የአሮጊት ነገር! አንቺ የት ሄደሽ ታውቂያለሽ?» ብላ ሳቀች። «ሁልጊዜ አብረን አልነበርንም እንዴ?»

«አዎ» አልኳት።