ጉርጥን ሰላይ ያደረገ ሰው

ሰፈሩ የወላጆቹን ስም አውጪነት ከንቱ አድርጎ «ጉርጡ» ብሎታል። «ጉርጡ መጣ» ሲባል ሴቶች የዘረጉትን የውሃ ጎማ ይጠቀልላሉ፣ ልጆች ባልዲያቸውን ይዘው ይሸሻሉ። የውሃ ቢሮ ሠራተኛ ነው። ሥራው ቆጣሪ ማንበብና ያለ ፈቃድ ከዋናው ቧንቧ የተጠለፈ መስመር ፈልጎ መቁረጥ ነው። ማንበቡ ይሰለቸዋል፤ መቁረጡን ግን ይወደዋል። በሥራው የሚደሰት ሰው አይወቀስም፤ የእሱ ደስታ ግን የሰው ጓዳ ሲደርቅ የሚመጣ ስለሆነ ሰፈርተኛው ቢረግመው አይፈረድበትም።

ቅጽል ስሙን ያተረፈለት ዘዴው ነው። ሌሎቹ ቆራጮች በግምት እየቆፈሩ ወገባቸውን ሲሰብሩ፣ እሱ በበጋው ወራት በየአጥሩ ሥር ጎንበስ ብሎ ጉርጥ ይፈልጋል።

ዘዴውን ያገኘው ከእናቱ ነው። ልጅ ሳለ ከበርሜል ሥር የተቀመጠች ጉርጥ ሊረግጥ እግሩን ሲያነሳ፣ ክንዱን ይዛ አስቆመችው።

«ተዋት፣ ውሃ እየጠጣች ነው።»

«መቼ ጎንበስ አለች?»

«በአፏ አትጠጣም። ሆዷ ሥር ያለው ቆዳ ስስ ነው፤ እርጥብ መሬት ላይ ስትቀመጥ ውሃው በቆዳዋ ይገባላታል። የገባው ደግሞ በዚያው በቆዳዋ ይወጣል። ፀሐይ ካገኛት ደርቃ ትሞታለች። እንደ እንሽላሊት ቅርፊት የላትም፣ ምስኪን ናት።»

ልጁ እግሩን አወረደ። ካደገ በኋላ ከትምህርቱ «ምስኪን ናት» የሚለውን ጥሎ የቀረውን ይዞ ሥራ ገባ።

እንሽላሊትን ይንቃታል። የምትረባው ነገር የለም። ደረቅ ቅርፊቷ ውሃዋን ይዞ ያስቀርላታል፤ ሽንቷ እንኳ እንደ ኖራ የነጣ ጭቅቅት ነው፣ ጠብታ አታባክንም። ግድግዳው ሲግል አንዱን እግሯን አንስታ አንዱን ትጥላለች፣ ሲብስባት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፣ ከዚያም ወደ ጥላው ዞር ትላለች። እንሽላሊት ያየ ሰው ፀሐይ እንዳለ እንጂ ውሃ እንዳለ አያውቅም። ጉርጥ ግን በፊኛዋ ያጠራቀመችው ሲያልቅባት የግድ እርጥበት ፍለጋ ትወጣለች፤ በበጋ እርጥብ አፈር ያለው ደግሞ ቧንቧ የሚያንጠባጥብበት ቦታ ነው። የተጠለፈ መስመር መቼም መጋጠሚያው አይጠብቅም። «ጉርጥ ካለች ውሃ አለ፤ ውሃ ኖሮ ቆጣሪ ከሌለ ሌባ አለ» ይላል ሲፎክር።

በዚህ ዓመት ሙቀቱ ሲጀምር የገዛ ጎረቤቱን፣ በጓሮው በኩል አጥር የምትጋራውን ልብስ አጣቢ፣ መስመር ቆረጠ። ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በሰው ልብስ የምታሳድግ ሴት ናት። ከማጠቢያ ድንጋይዋ ሥር ጉርጥ አግኝቶ ነው።

«ልጆቼን ምን ላጠጣቸው?» አለችው።

«ቆጣሪ ጠይቂ።»

«ጠይቄ ተራሽን ጠብቂ ተብያለሁ።»

«እንግዲያው ጠብቂ» ብሎ መፍቻውን ጠቅልሎ ሄደ።

እናቱ ከአጥሩ ወዲህ ልብስ ስታሰጣ ሁሉንም ሰምታለች። አንድ ቤት ነው የሚኖሩት፣ እሱ በፊተኛው ክፍል እሷ በኋለኛው። ከዚያን ቀን ወዲህ እራቱን አቅርባለት ፊቷን አዙራ ትቀመጣለች። ምግቡም ጨው አጣ።

«ይኼ ነገር ጨው የለውም» አለ አንድ ምሽት።

«አልቋል።»

«ያን ሰሞን አይደል እንዴ የገዛሁት?»

«ያን ሰሞን የገዛኸው አልቋል። ደግሞ ምላስህም ሞቷል።»

ነገር ፈላጊ ብሎ ተዋት። ሌላ ጨው ገዛ፤ እሱም ብዙ አልቆየም። የሰው ጓዳ ሲያነፈንፍ የሚውል ሰው የገዛ ጓዳውን አላየም።

የበጋው መጨረሻ ላይ አለቃው ጠራው። «በናንተ መንገድ የሚገባው ውሃና ቆጣሪዎቹ የሚያነቡት አልገናኝ ብሏል። ነገ ሰው ይዤ መጥቼ አስቆፍራለሁ። ሰፈሩ ያንተ ነው፤ ሌባውን ቀድመህ አግኘው። እኔ ካገኘሁት ግን ሌላ ሥራ ፈልግ፣ ከሌቦቹ ጋር በላ ነው የምለው።»

ጉርጡ በቀትር ሙቀት ሰፈሩን ዞረ። የቆጣሪ ሳጥን ሁሉ እየከፈተ አየ፤ ሸረሪት ነው ያለው። የአጥር ሥር ፈተሸ፣ የማጠቢያ ድንጋይ ገለበጠ። አንዲት ጉርጥ እንኳ ጠፋች። እንሽላሊቶቹ ግድግዳው ላይ አፋቸውን ከፍተው ያያሉ። ሰዎቹም በየደጃፉ ተቀምጠው ያዩታል፤ ማንም አይሰድበውም፣ እንዲያውም አንዷ «ምን ጠፋብህ?» ብላ በትህትና ጠየቀችው። ከስድቡ ይልቅ ይኼኛው አናደደው፣ አስፈራውም።

ሥራውን ሊያጣ እንደሆነ እያሰበ ወደ ቤቱ ገባ። ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሲያልፍ፣ ከልብስ አጣቢዋ ጋር በሚጋሩት አጥር ሥር አንዲት ጉርጥ አየ። ሞታለች። እንደ አሮጌ ጫማ ሶል ደርቃ ተጣብቃለች፤ ዙሪያዋ ያለው አፈር ነጥቷል። ኖራ መሰለው። ጣቱን አስነክቶ ቀመሰ።

ጨው ነው።

ቁጭ አለ። ውሃ የምታስገባበት ቆዳ ጨው ሲነካው ያለውንም አውጥቶ ይሰጣል። ጉርጧ ልትጠጣ ተቀምጣ በፊኛዋ የያዘችውን አስረክባ ነው የሞተችው። ይህን የሚያውቅ ሰው በዚህ ሰፈር ሁለት ነው፤ አንዱ እሱ ነው።

አካፋ አምጥቶ ቆፈረ። ሩቅ አልሄደም። የገዛ ቤቱ ቧንቧ ቆጣሪው ጋ ሳይደርስ ተጠልፏል፤ ከመጋጠሚያው የወጣው ጎማ በአጥሩ ሥር አልፎ ወደ ልብስ አጣቢዋ ግቢ ገብቷል። ቀና ሲል እናቱ በርጩማዋን ይዛ ቆማለች።

«ማን ሠራልሽ?»

«አንተ ሥራ ስትሄድ ሰፈሩ ሰው አለው።»

«ከሌሎቹስ ሳጥን ጉርጡ የት ገባ?»

«ጨው በየቤቱ አለ። የቆረጥክባቸው ሁሉ ከዚህ ጎማ ነው የሚቀዱት፤ መነስነሱንም እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።»

«አንቺ ነሽ እኮ አትርገጣት ያልሽኝ።»

«እንድታዝንላት ነበር የነገርኩህ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «አንተ ሰላይ አደረግካት። ሰላይ ደግሞ ይገደላል። በየማለዳው ጨው እየነሰነስኩ እነዚያን ምስኪኖች የፈጀሁት እኔ ነኝ፣ ጨውን እጄ ላይ ያኖርከው ግን አንተ ነህ።»

«እማ፣ ነገ አለቃዬ ይመጣል። ካገኘው ከሥራ እባረራለሁ። ይገባሻል?»

«ይገባኛል። የልጆቹም ጥማት ይገባኛል። ላም እሳት ወለደች ይባላል፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። እስከ ዛሬ አልተውኩህም።»

በርጩማዋን ጉድጓዱ አፍ ላይ አድርጋ ተቀመጠችበት።

«ተነሺ።»

«አልነሳም።»

ልጅነቱ ለአፍታ ያዘው። አካፋውን ቢጥለው ነገ በገዛ ጓሮው ሌባ ይባላል፤ ሲቆርጥባቸው የኖሩት ሁሉ ተሰብስበው ያዩታል። ይህን ሲያስብ ፊቱ ተቃጠለ። ከበርጩማዋ አንድ ክንድ ያህል አልፎ መቆፈር ጀመረ። አፈሩ ቀሚሷ ላይ እየወደቀ ነው፤ አላራገፈችውም። ጎማውን ቆርጦ ቧንቧውን ደፈነ፤ ጉድጓዱንም እሷ እስክትነሳ ጠብቆ ሞላው። ሲጨርስ ከአጥሩ ማዶ አንድ ሕፃን «ውሃው ቆመ» ሲል ሰሙ፤ ሁለቱም ሰሙ።

በማግስቱ አለቃው መጣ። የሚገባውና የሚነበበው ተገናኝቷል። «ይኼ ነው ሥራ!» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ሰፈርተኛው በየደጃፉ ቆሞ አየ።

ከሰዓት ቤቱ ሲመለስ የኋለኛው ክፍል ባዶ ነው። ፍራሽዋ የለም፣ በርጩማዋ የለም። ከአጥሩ ማዶ ድምፅዋ ይሰማል። ጉርጡ ጥቂት ዞር ዞር አለ፤ ከቧንቧው አንድ ጀሪካን ሞላና በመንገዱ ዞሮ የልብስ አጣቢዋን በር አንኳኳ። የከፈተችው እናቱ ናት።

«ውሃ አመጣሁ» አለ። «በቆጣሪ ያለፈ ነው።»

እናቱ ጀሪካኑን ተቀብላ ገባች። ልጆቹ ሲጠጡ፣ ኩባያ ከኩባያ ሲጋጭ ይሰማዋል። ትጠራኛለች ብሎ ጠበቀ። ተመልሳ ባዶውን ጀሪካን ሰጠችው፤ ከጀሪካኑ ጋር አፉ የተቋጠረ ላስቲክ አለ። ሲነካው ቆረቆረው።

«ምግቡ ጨው የለውም ስትል አልነበር?» አለችው። «ትርፉ ነው፣ ከእንግዲህ ጉርጥም የለ፣ ውሰደው።»

«እማ…»

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ» አለችና በሩን ያዘች።

ተረቱን ያስተማረችው እሷው ናት። ድንጋይ ነው ብለው ስለሚጥሉት የሚናገረውን ቀሪውን ግማሽ አልጨረሰችለትም፤ በሩን ዘጋችው።