የእናኑ የቆርቆሮ መሲንቆ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ እዚሁ ጎንደር ቁስቋም ሰፈር ነው። ጎረቤቶቼ እስከ ዛሬ ያነሱታል። ሲያወሩት ግን ግማሹን ስለሚዘሉት እኔው ልጽፈው ብዬ ነው።

የልጅ ልጄ እናኑ መሲንቆ ትጫወታለች። የእንጨቱ መሲንቆዋ ቢሰነጠቅባት ከዘይት ቆርቆሮ ሌላ ሠራች። ከእንጨት የሆነው ዘንጉ ብቻ ነው፤ ቆዳ የሚባል የለበትም። ጭራውን እኔ ነኝ ጋሪ ነጂ ለምኜ ከፈረሱ ያስቆረጥኩላት።

ለአዲስ ዓመት በዓል መድረክ ላይ የሚወጣ አንድ ባለመሲንቆ ሊመረጥ ነበር። እናኑ ክረምቱን ሙሉ ስትለማመድ ከረመች። በምርጫው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ወደ አዳራሹ አብሬያት ሄድኩ። ለመጨረሻ የቀሩት እሷና ከማራኪ ሰፈር የመጣች አንዲት ልጅ ናቸው።

ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ቆርቆሮውን አይቶ ሳቀ። "እማማ፣ ይኼ ለዘይት እንጂ ለዘፈን አይሆንም። መሲንቆ ማለት ዋንዛና የፍየል ቆዳ ነው። ሌላ ከሌላት አናወዳድራትም" አለ።

እናኑ መሲንቆዋን ወደ ከረጢቱ ልትመልስ ስትል እጇን ያዝኳት።

"ልጄ፣ የምትዳኘው በዓይንህ ነው በጆሮህ?" አልኩት።

"በጆሮዬ ነዋ።"

"እንግዲያ ዓይንህ ምን አገባው?"

ጋቢዬን አወለቅሁ። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን የማራኪዋ ልጅ እናት ይዘን ዳኞቹን ጋረድናቸው። ልጆቹ ከጋቢው ጀርባ ተራ በተራ አንድ ዓይነት ዜማ ተጫወቱ። ዳኞቹ ሦስቱም ሁለተኛውን መረጡ። ያ የሳቀው "ይኼ ነው እንጂ ዋንዛ" አለ። ጋቢውን ስናወርደው የመረጡት ቆርቆሮው ሆኖ ተገኘ። አዳራሹ ሳቀ።

እኔም እየሳቅሁ የማራኪዋን ልጅ አየኋት። የመሲንቆዋን ቆዳ በጣቷ ስትጫነው ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። በዝናብ ነው የመጣችው፤ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ ረግቧል። ቆርቆሮ ዝናብ ምን ያደርገዋል።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። አላስቻለኝም። "ይኼ ፍርድ አልሆነም። የዚህችኛዋ መሲንቆ ቆዳው ረግቧል፤ በእሳት ይሙቅና ይደገም" አልኩ።

"ምነው እምዬ፣ ከማን ጋር ነሽ?" አለችኝ እናኑ በሹክሹክታ።

"ከአንቺው ጋር። የሌላዋ ቆዳ ስለረገበ ነው ያሸነፈች እንዲሉሽ አልፈልግም።"

የአዳራሹ ጥበቃ ከሰል አቀጣጥሎ አመጣ። ቆዳው ሲሞቅ የዋንዛው ድምፅ ወፍሮ፣ ጠርቶ መጣ። እውነቱን ልናገር፣ ሸጋ ነበር። ጋቢውን ዳግም እንደጋረድን ፈራሁ። ቀጥሎ እናኑ ጀመረች። በእኔ ስለተናደደች ይመስለኛል፣ ደጋኑን እንደዚያ ስትስበው ሰምቼ አላውቅም። ቆርቆሮው ቆርቆሮነቱን አልደበቀም፤ ሻከር ይላል፣ ግን አንጀት ይበላል።

አንዱ ዳኛ ፊተኛውን መረጠ። ሌላው ኋለኛውን። የሳቀው ዳኛ ቀረ። እሱም፣ "አሁን የትኛው ቆርቆሮ እንደሆነ ለይቻለሁ። የምመርጠውም እሱን ነው" አለ።

የማራኪዋ ልጅ እናት ጋቢዬን አጥፋ በሁለት እጇ እየሰጠችኝ፣ "እማማ፣ መጀመሪያውንም ዳኝነቱ ለእርስዎ ነበር የሚገባ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "ዳኛዋ" ይለኛል። አልጠላውም።

ባላስደግመው ኖሮም እናኑ መድረክ ላይ መውጣቷ አይቀርም ነበር። እኔ ግን ጭብጨባውን አቀርቅሬ ነበር የምሰማው። የበዓሉ ዕለት ከፊት ወንበር ተቀምጬ፣ ቀና ብዬ ሰማሁት።