ወደ ላማችን አሳዳጊ

ዓርብ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቀበና ባለው ግቢያችን እናቴ ስታልባት ላማችን ረገጠቻት። የእጇ አንጓ ወዲያው አበጠ። ላሚቱን ከነጥጃዋ ከገዛናት ገና ሁለት ሳምንት ነው። ጥጃዋ ስትጠባ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ የሰው እጅ ጡቷን ሲነካ ግን ትራገጣለች። የኋላ እግሯን ብናስረው ገመዱን በጠሰችው።

እናቴ እጇን በሻሽ ጠቅልላ ለአንድ ባለ ሥጋ ቤት ደወለች። ነገ ጠዋት መጥቶ ሊወስዳት ተስማሙ። እኔን ያሳሰበኝ ጥጃዋ ናት፤ ገና የአንድ ወር ናት፣ ያለ እናት ትቀራለች። ስለዚህ ደላላውን ጠይቄ ላሚቱን ያሳደጉት ሴት እንጦጦ ማርያም አካባቢ እንደሚኖሩ አወቅኩ።

"ሄጄ ልጠይቃቸው" አልኳት እናቴን።

"ሂጂ። እኔ ግን የማስረግጠው ሌላ እጅ የለኝም" አለች።

ሦስት ሰዓት፣ ሽሮ ሜዳ

ከቀበና ስድስት ኪሎ በእግሬ፣ ከዚያ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ሄድኩ። ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሚኒባስ እስኪሞላ ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ዳገቱን የወጣነው በአንደኛ ማርሽ ነው። ባሕር ዛፉ ከግራና ከቀኝ እየቀረበ፣ አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች ጎንበስ ብለው የመንገዱን ጠርዝ ይዘው ይወርዳሉ።

ደላላው የነገረኝ አረንጓዴ የቆርቆሮ አጥር ሲታየኝ "ወራጅ አለ" አልኩ። ረዳቱ አልሰማኝም። ለመድገም አፍሬ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ድረስ ሄድኩና ሩብ ሰዓት ያህል ቁልቁል በእግሬ ተመለስኩ።

አራት ሰዓት ተኩል፣ አረንጓዴው አጥር

"ቤቶች" ስል ውሻው እንጂ ሰው አልሰማኝም። በመጨረሻ በቆርቆሮው ቀዳዳ ያዩኝ ላሚቱን ያሳደጉት እማማ ዘነበች ናቸው፤ ኩበት እየጠፈጠፉ ነበር። ከየት እንደመጣሁ ስነግራቸው፣ ከሁሉ በፊት "ሸጊቱ ደህና ናት?" አሉኝ።

ላማችን ስም እንዳላት ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። እኛ ቤት "ላሚቱ" ነበር የምንላት።

የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እጃቸውን እየታጠቡ አዳመጡኝ።

"ስትቀርቧት ምን ትሏታላችሁ?"

"ምንም። ግቢው ውስጥ ተከራዮች አሉ፤ እንዳንቀሰቅሳቸው መብራትም ሳናበራ ቀስ ብለን ነው የምንገባው።"

"በጨለማ፣ ዝም ብላችሁ፣ ከኋላዋ?"

"አዎ።"

"ሌባም እንደዚሁ ነው የሚመጣው። እኔም ብሆን እራገጥ ነበር" አሉ።

ወደ በረቱ ወስደው በሌላዋ ላማቸው አሳዩኝ። ከበሩ ጀምሮ በስሟ ይጠሯታል። መዳፋቸውን ትከሻዋ ላይ ያሳርፉና ሳያነሱ በጀርባዋ በኩል ወደ ሆዷ፣ ከሆዷ ወደ ጡቷ ይወርዳሉ። ጥጃው መጀመሪያ ይጠባል፤ ወተቱ ሲወርድ እናቱ እንድትልሰው ከፊቷ ይታሰራል። ይህ ሁሉ ሲሆን አፋቸው አያርፍም።

"አሁን አንቺ" አሉኝ።

"ምን እያልኩ?"

"እንደመጣልሽ። ለባልሽ የምትይውን በያት።"

"ባል የለኝም።"

"እንግዲያው በእሷ ተለማመጂ።"

"የኔ ቆንጆ" አልኩ። ላማቸው ጭራዋን ፊቴ ላይ አሳረፈችው።

"ለጆሮዋ ነው ወይስ ለራስሽ የምታወሪው? ምንድን ነው የተማርሽው?"

"ስታቲስቲክስ።"

"አንዲት ላም ለመቁጠር ይህን ያህል ዓመት" ብለው ሳቁ። እስከ ስድስት ሰዓት አለማመዱኝ። በአራተኛው ሙከራዬ መዳፌ ጡቷ ጋ ሲደርስ አልተንቀሳቀሰችም።

ጾም ስለሆነ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ በላን። ስወጣ እስከ በሩ ሸኙኝ። "ለወተት ብዬ ነው የሸጥኳት" አሉና በሩን ዘጉ።

አሥር ሰዓት፣ ቀበና

ለእናቴ ያየሁትን በዝርዝር ነገርኳት። "ነገ ቅዳሜ ነው፤ ተከራይ የሚተኛበት ቀን" አለች። የበረቱ መስኮት የሚመለከተው ባንክ ቤት የሚሠራውን ተከራያችንን ክፍል ነው። ከሁሉም የከበደኝ የእሱ መስማት ነበር፤ አንድ ዓመት አብረን ስንኖር ከ"ደህና አደርክ" ያለፈ አውርተን አናውቅም።

ለማንኛውም ይህን ከጉዞው ተምሬያለሁ፤ እኛ ጨዋነት ያልነው ዝምታ እንስሳውን ያስፈራ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት

አሥራ ሁለት ተኩል ላይ የበረቱን መብራት አበራሁ። በሩ ላይ ቆሜ "ሸጊቱ" አልኩ። ጆሮዎቿ ቀጥ አሉ። "ሸጊቱ፣ የኔ እመቤት፣ እንደምን አደርሽ?" እያልኩ ገባሁና መዳፌን ትከሻዋ ላይ አሳረፍኩ።

ከወዲያ መስኮት ተከፈተ። "ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለ ተከራያችን።

"ለላሟ" አለች እናቴ።

"እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው የለም" አለ፤ መስኮቱንም አልዘጋውም።

ፊቴ ጋለ። ማውራቴን ግን አላቆምኩም። ጥጃዋ ጠብታ ከፊቷ ታሰረች። እጄ ጡቷን ሲነካ ሸጊቱ እግሯን አንድ ጊዜ አነሳች፤ ስሟን ጠራሁ፤ መልሳ አኖረችው። ጣሳው ግማሽ ሲሞላ ባለ ሥጋ ቤቱ ገመድ ይዞ በረቱ በር ላይ ቆመ።

እናቴ በተጠቀለለው እጇ ወደ እኔ አመለከተች። "እሷን ጠይቃት።"

"አንሸጥም" አልኩ።

"ምን አለች?" ብሎ እናቴን ጠየቃት።

"አንሸጥም" አልኩ፣ ግቢው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ። ሸጊቱ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች እንጂ እግሯን አላነሳችም። ማለቤን ቀጠልኩ።