ቫርኒሽ የጠጣው ሳጥን

ባህር ማዶ በምንኖርበት ሰፈር፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ፣ ከእኛ በር ፊት ለፊት አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ይኖሩ ነበር። ወደ ልጃቸው ቤት ሲዛወሩ ከእናታቸው የወረሱትን የልብስ ሳጥን ለእኔ ሰጡኝ። ካምፎር ከሚባል እንጨት የተሠራ፣ ክዳኑ ላይ ወፎች የተቀረጹበት፣ ለማንሣት ሁለት ጎረምሳ የሚያስለፋ ሳጥን ነው። የእንጨቱ ሽታ ብል ያባርራል፤ ሱፍ ልብስ ለዓመታት ቢቀመጥበት አይበላም።

"አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ" አሉኝ። "ውስጡን ምንም እንዳትቀቢው። እንጨቱ ይታፈናል።"

ቃል ገባሁ።

ከወራት በኋላ፣ ሰኞ ቀን ደውለው "እሁድ መጥቼ ልየው" አሉኝ። ለእናቴ እንግዳ እንዳለብን ነገርኳት፤ ቃል መግባቴን ግን አልነገርኳትም። እናቴ እንግዳ ይመጣል ከተባለ መጋረጃ አውርዳ የምታጥብ ሴት ናት። ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ሳጥኑ ሳሎን መሃል ተከፍቶ ውስጡ ያብረቀርቃል። በበረኪና አጥባ፣ አድርቃ፣ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ቀብታዋለች።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽ?"

"ፖሊሽ አደረግኩታ! መጥተው 'የእናቴን ዕቃ ጣሉት' ይበሉኝ?"

አንገቴን አስገብቼ አሸተትኩ። ቫርኒሽ ብቻ። ጮህኩባት። ስታለቅስ ደግሞ በራሴ አፈርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነበር።

"ጨርቅ እናንጥፍበትና ክዳኑን ብቻ ይዩ" አለች።

አይሆንም አልኩ። ቃሌን በልቼ በጨርቅ አልሸፍንም። የእንጨት ሥራ የሚያውቅ የሥራ ባልደረባዬን ብጠይቀው፣ "ኬሚካል እንዳታስነኪው፤ በእጅ ፋቂው። ከሥር ያለው እንጨት ገና ይሸታል" አለኝ። የብርጭቆ ወረቀት ገዛሁ። አርብ ዕለት አሞኛል ብዬ ደውዬ፣ ሲክ ኮል አድርጌ ከሥራ ቀረሁ፤ እሱን ውሸት እግዜር ይቅር ይበለኝ። ግማሽ ሰውነቴን ሳጥኑ ውስጥ ከትቼ ስፍቅ ዋልኩ። እናቴ "የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች" እያለች ራሷን ትሰድባለች፤ ከጎኔ ግን አልተነሣችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያ ሽታ ከአንዱ ጎን ብቅ ሲል ደስታው አስለቀሰኝ። ክንዴ ግን ከዚያ በላይ አልታዘዝ አለኝ፤ ከታች አንድ ጥግ ሳይፋቅ አደረ።

እሁድ መጡ። ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ክዳኑን ከፍተው አጎነበሱ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እጃቸው እንጨቱን እየዳሰሰ ሄዶ ያልተፋቀው ጥግ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቀና አሉ፣ የሹራባቸውን እጅጌ ሰበሰቡና የብርጭቆ ወረቀቱን ስጡኝ ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

እናቴ እንግዳ የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ እንዲያነሣ አትፈቅድም።

"ኖ፣ ኖ! ሲት፣ ሲት!" ብላ ብድግ አለች።

አሮጊቷ የዘረጉትን እጅ አላጠፉም። እናቴ ትንሽ አየቻቸውና ወረቀቱን ለሁለት ቀደደችው። ግማሹን ሰጥታቸው አጠገባቸው ተንበረከከች።